ጠጠር የሚንጫጫበት

«ናኒ ሜርል፣ እስቲ እኔ ልጠብ» አለች ዶሪን፣ እጇን ወደ ሳህኖቹ እየሰደደች።

«ወዲያ በይ! የንስር ጎሳ ሰው ሲሞት የለቅሶው ሥራ የእኛ የቁራ ጎሳዎቹ ነው።»

«እኔስ ቁራ አይደለሁም?»

«አንቺ ሚስቱ ነሽ። ሥራሽ መቀመጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ሴት መቀመጥ ያቅታታል?» አለች አሮጊቷ አክስቷ።

ዶሪን ተቀመጠች። ባሏ ኤልሮይ የተቀበረው ትናንት ነው። ዓሣ አጥማጆች ቦት ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ ይገባሉ፤ ሾርባ ይቀርብላቸዋል፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

የኤልሮይ የእህቱ ልጅ ክሊፍ አዲስ የተላገ የዝግባ ሰሌዳ ተሸክሞ ገባ።

«ዶሪን፣ ደስ የሚል ወሬ! የዚያ የድሮ የባዕድ መርከብ ካፒቴን ስም ከአሮጌው መንደራችን ላይ ሊነሳ ነው። በምትኩ የአጎቴን ስም እንድናደርግ ሁሉም ተስማምቷል። ስሙን እዚህ ሰሌዳ ላይ የሚቀርጸው ሰው የሚጠብቀው የአንቺን እሺታ ብቻ ነው።»

«ይገባዋል!» አሉ ከየአቅጣጫው። «የካፒቴኑን ስም ለማስነሳት ዕድሜውን ሙሉ የለፋው እሱ አይደል?»

ታያት፦ ስሙ በካርታ ላይ፣ በየጀልባው ሬዲዮ ሲጠራ። ፈለገችው።

ገና እንደተጋቡ ኤልሮይ በጀልባ ወደ አሮጌው መንደር ወስዷት ነበር። ሞተሩን አጠፋ። ፈንጣጣ ከጨረሰው መንደር የቀሩት ሽበት ያበቀሉ የቤት ምሰሶዎች ብቻ ነበሩ።

«ስሚ» አላት። ሞገዱ ሲመለስ የባሕሩ ዳር ጠጠር ተንጫጫ። «የመንደሩ ስም ይኸው ነው። ጠጠር የሚንጫጫበት። ካፒቴኑ አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድር የራሱን ስም ለጥፎበት ሄደ።»

ዶሪን ቀና አለች።

«አይሆንም።»

«እንዴ! የገዛ ባልሽን?» አለ ክሊፍ።

«የገዛ ባሌን። ጎሳችሁ ስሙን ያገኘው ከየት ነው?»

«ከመንደሩ ነዋ።»

«በቃ። ሰው ከቦታ ስም ይወስዳል እንጂ ቦታ ከሰው አይወስድም። ካፒቴኑ ያደረገውን እኛ አንደግመውም።»



«ካፒቴን ኤልሮይ!» አለች ናኒ ሜርል ከማድቤቱ። «ይህን ቢሰማ በሳቅ ሁለተኛ ይሞት ነበር!»

መጀመሪያ የሳቀው ክሊፍ ነው። ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመላት። ዶሪን እርሳስ ተቀበለችና የመንደሩን ጥንታዊ ስም ከዳር እስከ ዳር በትልልቁ ጻፈች፤ ቀራጩ መስመሩን ተከትሎ ይቀርጸዋል።

ሰዎቹ ወደ ሾርባቸው ተመለሱ። ከሰሌዳው የረገፈ የእንጨት ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። በጣቷ «ኤልሮይ» ብላ ጻፈችበት። ጥቂት አየችው፤ ከዚያም በመዳፏ ጠራርጋ እጇን ጨበጠች። አላራገፈችውም።