ዘምዘም ውሃ አይደለም

እማማ ኩብራ ዘምዘማቸውን ጠየቁ። ቀናቸው መድረሱን አውቀውታል። ሟች ባላቸው ሐጅ አድርገው ከመካ ሲመለሱ ከተቀደሰው የዘምዘም ጉድጓድ ቀድተው ያመጡላቸውን ያንን አረንጓዴ ጠርሙስ ለዚህች ቀን ነበር ያስቀመጡት። ልጃቸው መስዑድ ጫት ጭኖ ሂርና ሄዷል፤ ቤት ያለችው ምራታቸው መይሙና ብቻ ናት። ጠርሙሱን ከሳጥን አወጣች፤ አልፈራችም። ልጇ ዓሊዩ ከሞተ ወዲህ ምን ያስፈራታል! ትጋግራለች፣ ትጠርጋለች፣ ሰው ሲስቅ ትስቃለች፣ በቃ።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን እዚሁ ጭሮ የተቀዳ የምንጭ ውሃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሳ ስድስቱ ክረምት ዓሊዩን ተቅማጥ ያዘው። እማማ ኩብራ «ውሃ እንዳታቀምሺው፣ ይብስበታል» አሉ። ያኔ አገር ምድሩ የሚለው ይህንኑ ነው፤ እሳቸው ምን ያድርጉ! ልጁ «ቢሻን፣ ቢሻን» እያለ ውሃ ሲለምን ዋለ። መይሙና ጨነቃት፤ ዘምዘሙ ትዝ አላት። ዘምዘም ውሃ አይደለም፣ መድኃኒት ነው ብላ በድብቅ አጠጣችው። ዓይኑን ገለጠ። «ጨምሪልኝ» አላት። ጠርሙሱ አልቋል። ሙሉ እንስራ ደግሞ አጠገቧ ቆሟል! እጇን አልሰደደችም። የእንስራው ውሃ ነዋ።

ከቀብሩ በኋላ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የክሊኒኩ ድሬሰር ሽፈራው ለቅሶ ደረሰ። ደግ ሰው ነው፤ አፉ ግን አያርፍም። «የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነው» አላት። «ደሙም የሚዞረው፣ ምግቡም ሟሙቶ ለየአካሉ የሚደርሰው በውሃ ነው። ተቅማጥ ውሃውንና ጨውን ጠርጎ ይወስዳል፤ መተካት ነው። የፈላ ውሃ፣ ቆንጠር ያለ ጨው፣ ትንሽ ስኳር። ውሃው የየትም ይሁን።» ምነው ለቅሶ ቤት እንኳ ዝም ቢል! መይሙና «እሺ» አለችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ደነዘዘች። በማግስቱ ባዶውን ጠርሙስ ከዚያው እንስራ ሞልታ ከደነችው።

አሁን በሲኒ ቀዳችና የአሮጊቷን ራስ ደገፍ አደረገች። «ቢስሚላህ ይበሉ።»

ፉት አሉ፤ አጣጣሙት። ዘምዘም ትንሽ ጨው ጨው ይላል፤ አንዴ የቀመሰ አይረሳውም።

«ይሄ ዘምዘም አይደለም» አሉ። «ማን ጠጣው?»

ውሸት መፈለግ እንኳ ደከማት። «ዓሊዩ።»

እማማ ኩብራ ዓይናቸውን ከሲኒው አንስተው አዩዋት። «ጠገበ?»

«አልጠገበም።»

አሮጊቷ ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እንግዲያ እኔም ይቅርብኝ።»

ቢቀርባቸው ምን ቸገራት? የከለከሉት እሳቸው አይደሉ? ለአፍታ በሆዷ እሰይ አለች። ከዚያ የደረቀ ከንፈራቸውን አየች። የዓሊዩም እንዲሁ ተሰነጣጥቆ ነበር። ደረቷን ጠዘጠዛት፤ ከዚያ ክረምት ወዲህ የተሰማት የመጀመሪያው ሕመም ነው።

«ይጠጡ እማማ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «ውሃ ነው። ውሃ አይከለከልም።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተመለሱ። ሲኒውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨረሱትና «ጨምሪልኝ» አሉ።

መይሙና እጇን ወደ እንስራው ሰደደች።