ራሱን የቻለው አልሞንድ

የዶክተር ምንውዬለት ሚስት ትርንጎ ያረገዘችው ከራሷ ነው። ይህ የታወቀው አዲሱ የአልሞንድ ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ካፈራ በኋላ ነው።

ዶክተሩ ዕድሜያቸውን የፈጁት ያለ ንብ የሚያፈራ አልሞንድ ሲያዳቅሉ ነው። ሌላው አልሞንድ ከጎረቤት ዛፍ የአበባ ብናኝ የሚያመጣለት ንብ ካላገኘ ፍሬ አይዝም። እሳቸው ይህን ከልመና ይቆጥሩት ነበር። የእሳቸው ዛፍ ግን አበባው እንደፈካ በራሱ ብናኝ ራሱን አዳቀለ። ንብ አርቢው አቶ ጫንያለው እንደወትሮው ቀፎዎቹን በአህያ ጭኖ ዶክተሩ የሚሠሩበት የምርምር ጣቢያ በር ላይ ሲደርስ፣

«ዘንድሮ አያስፈልጉንም» አሉት ዶክተሩ።

«ንቦቹን ምን ልበላቸው?»

«ዛፉ ራሱን ችሏል በላቸው።»

ፍሬው ለሠራተኛው ታደለ። ብዙም ሳይቆይ የጣቢያው ኃላፊ ብቻቸውን ተሰበሰቡ፤ ሐሳብ አቀረቡ፣ ራሳቸውን ተቃወሙ፣ በመጨረሻም በሙሉ ድምፅ አጸደቁ። ዘበኛው «ማነህ?» ብሎ ራሱን ጠየቀና መልሱ ስላላረካው ራሱን ከበር መለሰ። ጣቢያው በዚያው ዓመት ተሸለመ።

ዶክተሩ ጥርሳቸውን ስለሚያማቸው ፍሬውን አልቀመሱም። ትርንጎ ግን ቤት ያመጡላትን ጠግባ በልታለች። አንድ ቀን እራት ላይ ጉርሻ ሲዘረጉላት አፏን ዘጋች።

«አትቸገር» አለችና ጠቅልላ ራሷን አጎረሰች። ከዚያ «በሞቴ» ብላ ራሷን ለምና ደገመች።

ሆዷ እየገፋ መጣ።

«የማን ነው?» አሉ ዶክተሩ።

«የእኔ።»

«ያንቺ መሆኑንማ አየሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?»

የተወለደችው ሕፃን ቁርጥ ትርንጎን ናት። እናቷ በልጅነቷ ወድቃ ቅንድቧ ላይ ያተረፈቻት ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። ዶክተሩ የሙያ ሰው ናቸውና ዘሩ ሳይበረዝ መተላለፉን አደነቁ። ከዚያ ሊያቅፏት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ሕፃኗ በሁለት እጆቿ ራሷን አቀፈች። ዶክተሩ የተዘረጋ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም በማይፈልገው ዛፋቸው ቀኑ።

በማግስቱ ጣቢያው ሄደው አንድ እፍኝ አልሞንድ ዘገኑ፤ እያመማቸው አኝከው ዋጡ። ተመልሰው ትርንጎ ፊት ተቀመጡ።

«በላሁ» አሏት።

«እንኳን ለራስህ አበቃህ» አለች ቀና ሳትል።

ሊመልሱላት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከሆዳቸው ውስጥ አንድ ሰው፣ በእሳቸው ድምፅ ንግግር ለመጀመር እንደተዘጋጀ ሁሉ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።