ኒቆዲሞስ ያመነው ወንጀል

ወንድሜ ኒቆዲሞስ ሌብነቱን አምኗል ሲሉኝ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሮጥኩ። ኒቆዲሞስ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም፣ አይናገርም። በየትኛው አፉ ነው ያመነው?

"ሱቅ ውስጥ የጠፋውን ሞባይል አንተ ወሰድክ ወይ ስንለው በአዎታ ራሱን ነቀነቀ" አለኝ መርማሪው ሳጅን። "አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። ምስክርም አለ። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል።"

ድሬዳዋ ላይ ሹሙንም ሽማግሌውንም አንተ እያልን ነው ያደግነው። እኔ ግን ከፍርሃቴ ብዛት "እባክዎ፣ የሚሉትን እኮ አይሰማም" አልኩት።

"ካልገባው ለምን ነቀነቀ?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ብነግረው እንደማያምነኝ ስላወቅሁ ወጣሁ።

ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሰዎች ሲያናግሩት ዝም ስለሚል የናቃቸው እየመሰላቸው ይመቱት ነበር። እኔ ብልጧ እህቱ፣ ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስብህ ፈገግ ብለህ ነቅንቅ ብዬ በምልክት አለማመድኩት። ዱላው ቀረ። ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ለሰፈራችን ለሳቢያን ሰው ሁሉ ሲነቀንቅ ኖረ፤ ጨዋ ልጅ ነው ይሉታል። ትምህርት ቤት እንኳ አልሰደድኩትም፤ መንገድ ላይ መኪና ይገጨዋል ብዬ ፈራሁ።

ነገ ዳኛው ፊትም ይነቀንቃል።

አስተርጓሚ ፍለጋ የሄድኩበት የመጀመሪያው ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ላከኝ። ሁለተኛው ባለሙያዋ መስክ ወጥታለች፣ ሰኞ ተመለሺ አለኝ። ሰኞ! ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ማልቀስ ጀመርኩ።

"አቦ ምን ሆነሻል?" አለኝ ሾፌሩ ሰማታር። ነገርኩት። "የኔም ልጅ አትሰማም። መስማት የተሳናቸው ማኅበር አላቸው፣ ዐማል የምትባል አስተርጓሚ አለች። ወላሂ አሁኑኑ አደርስሻለሁ።"

ዐማል ቆማ ሰማችኝ። "የምልክት ቋንቋ ይችላል?"

"እኔና እሱ ቤት ውስጥ የምንግባባበትን ብቻ።"

"እንግዲያው እኔም ላናግረው አልችልም" አለች። ያቺን ተስፋዬንም አጣሁ ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። "ግን ለምን ነቀነቀ?"

ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእሷ ነገርኳት። አልወቀሰችኝም፤ ቦርሳዋን አነሳች።

"ሳጅኑ አያምነኝም" አልኳት።

"በዓይኑ ያያላ።"

ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ አስጠነቀቀችኝ። "እጅሽን ከነጠላሽ ውስጥ እንዳታወጪ። ፊትሽንም ቢሆን አታንቀሳቅሺ። ጠቆምሽው ከተባለ አለቀ።"

ኒቆዲሞስን አመጡት። ሸሚዙ አቧራ በአቧራ ሆኗል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። እኔ እንደ ባዳ ፊቴን አጥቁሬ ቆምኩ። ከዚያ የከበደኝ ነገር በሕይወቴ አልገጠመኝም።

"አሁንም ጠይቀው" አለችው ዐማል ሳጅኑን።

"ሞባይሉን ወስደሃል?"

ኒቆዲሞስ ፈገግ ብሎ ነቀነቀ። ሳጅኑ፣ አላልኳችሁም በሚል ዓይን አየን።

"ባቡር ጣቢያውንስ ሰርቋል ወይ በለው።"

ሳጅኑ እየሳቀ ጠየቀው። ኒቆዲሞስ ነቀነቀ። የሳጅኑ ሳቅ ቆመ። ወንበሩን ወደፊት ሳበና በጣቱ ወደ እኔ ሳይጠቁም፣ ዓይኑን ከወንድሜ ዓይን ሳይነቅል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው።

"እህትህን ገድለሃል?"

ኒቆዲሞስ የሳጅኑን ከንፈር በትጋት ተመለከተና ሦስት ጊዜ ነቀነቀ።

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አንስቶ የተመዘገበውን የእምነት ቃል ከላይ እስከ ታች ሰረዘው። ኒቆዲሞስ ወረቀቱ ሲሰረዝ አይቶ የተቆጡት መስሎት ነው መሰለኝ ፈገግታው ጠፋ። ወደ እኔ ዞሮ፣ በጣቱ አገጩን ነካ አድርጎ፣ ደህና አድርጌ ነቀነቅኩ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።