ለቀኝ እጅ የተሠራ

ኑሬ መሣሪያ ሊገዛ ከተማ የወረደው ወንድሙ ሱፍዋን በተገደለ በአሥረኛው ወር ነው። አሥሩን ወር ፈቃድ ሲያሳድድ ከረመ። የፖሊስ ክሊራንስ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ቃለ መጠይቅ፣ ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና። የኬንያ ፓስፖርት ከያዘ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ ቢሆንም ስሙን እያዩ አገሩን ደግመው የሚጠይቁት አልጠፉም። አልተከራከራቸውም። አንድ ነገር ብቻ ቆርጦ ነበር፤ የወንድሙ ገዳዮች ዳግመኛ ወደ ቤቱ ቢመጡ ሰዲቃን አይነኳትም።

ሰዲቃ አንድ ልጁ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አጎቷን የገደሉት ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሠፈር ያለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሞተር ሄልሜት ያጠለቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። ኑሬ ያን ጊዜ ኢስሊ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ይለካ ነበር። ሚስቱ ሳፊያ ገበያ ሄዳለች። ልጅቷ አልጋ ሥር ገብታ ተረፈች፤ ሱፍዋን ሲያቃስት ግን እስከ መጨረሻው ሰምታዋለች። ፊታቸውን ያየ ስለሌለ ሰዎቹ አልተያዙም። ከዚያ ወዲህ ኑሬ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ባየ ቁጥር መንገድ ይለውጣል። ናይሮቢ ውስጥ ደግሞ ቦዳ የማይታይበት መንገድ የት ይገኛል?

መሣሪያውን ለመምረጥ ጋሽ ይድነቃቸውን ይዞ ሄደ። ጋሽ ይድነቃቸው የድሮ ወታደር ናቸው። መንግሥት ሲለወጥ በሞያሌ በኩል ወጥተው፣ ዘበኝነቱንም መካኒክነቱንም ሲሞካክሩ ኖረው፣ አሁን ሁርሊንግሃም አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በር ላይ መኪና ያስቆማሉ። ጉልበታቸው ደክሟል እንጂ መሣሪያ ሲባል ዐይናቸው ይበራል።

ባለሱቁ ኦቲዬኖ የሚባል ረጋ ያለ ጡረተኛ ፖሊስ ነው። ሁለት ሾትገን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አጋደመላቸው። ሁለቱም ፓምፕ የሚባሉት ዓይነት ናቸው፤ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ኋላ ስበህ ወደ ፊት ስትገፋው ነው የሚቀባበሉት።

"ይሄ ሬሚንግተን ነው፣ አካሉ ድፍን ብረት። ይሄኛው ሞስበርግ፣ አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ይቀላል" አለ ኦቲዬኖ። "ሁለቱንም አሥር ዓመት ሸጫቸዋለሁ። ተመልሶ የመጣብኝ የለም።"

ጋሽ ይድነቃቸው ሬሚንግተኑን አንስተው ባዶውን አቀባበሉት። ድምፁ ሱቁን ሞላው።

"ስማው እስቲ፣ እንዴት እንደሚንሸራተት" አሉ ለኑሬ በአማርኛ። "ክብደቱም ደግ ነው፣ ሲተኮስ ትከሻ አያንገላታም። ያኛው ቆርቆሮ ነው፣ ተወው።"

"አዛውንቱ ምን አሉ?" አለ ኦቲዬኖ።

"ከባዱን ወደውታል።"

"መልካም። ግን ዋናው ልዩነት ክብደቱ አይደለም፣ መቆለፊያው ነው።" የሞስበርጉን ጀርባ አሳየው። መቆለፊያዋ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ናት፤ ወደ ፊት ስትገፋ ትከፈታለች፣ ወደ ኋላ ስትመለስ ትቆለፋለች፣ በየትኛውም እጅ ቢይዙት ያው ናት። የሬሚንግተኑ ግን ከቃታው ኋላ ከጎን ወደ ጎን የምታልፍ ቁልፍ ናት። "ከቀኝ ጎን ስትጫናት ይከፈታል። ከግራ ጎን ስትጫናት ይቆለፋል። ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። ግራኝ ሰው ከሆንክ ይሄን አትግዛ። የትኛው እጅህ ነው?"

"ቀኝ" አለ ኑሬ፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

ሌላስ ምን ይበል? ከተወለደ እስከ ሰባት ዓመቱ ግራኝ ነበር። እናቱ ገበታ በቀረበ ቁጥር ግራ እጁን በሻርፗ ጫፍ ከወገቡ ጋር እያሰረች፣ በግራ የሚበላው ሸይጣን ነው እያለች አስተወችው። ይኸው በቀኙ ይበላል፣ በቀኙ ይጽፋል፣ በቀኙ ይጨብጣል። ግራኝ መሆኑን ራሱም ረስቶት ነበር፤ ያስታወሰችው ሰዲቃ ናት። ልጅቷ ቁርጥ እሱን ሆና ወጣች። ማንኪያውም እርሳሱም በግራ። እሱም እንደ እናቱ ተነሳባት። በግራዋ ስትጎርስ ባየ ቁጥር የእጇን ጀርባ በማንኪያ ቸብ ያደርጋታል።

"አባዬ፣ ቲቸር ኖ ፕሮብሌም ብላኛለች እኮ" ትለዋለች።

"ቲቸር እኛ ቤት አትበላም።"

"ተዋት እንጂ፣ እጇ ነው" ትለዋለች ሳፊያ።

"እኔ ተውኩ አይደል? ምን ሆንኩ?" ይላል እሱ።

ኦቲዬኖ ሬሚንግተኑን አንስቶ እንዲያነጣጥር ነገረው። ኑሬ አነሳና ሰደፉን ግራ ትከሻው ላይ አሳረፈው። ሳያስበው ነው። ጋሽ ይድነቃቸው ከት ብለው ሳቁ፤ ጠመንጃውን ነጥቀው ወደ ቀኙ አዞሩለት።

"ምልምል ብትሆን ኖሮ ኩርኩም ነበር የማቀምስህ።"

ኦቲዬኖ አልሳቀም። "እርግጠኛ ነህ?" ሲል ጠየቀው።

"ደንገጥ ብዬ ነው።"

"የምትገዛው ለምትደነግጥበት ቀን አይደለም እንዴ?"

ልክ ነበር ሰውየው። ኑሬም ልክ መሆኑ ገብቶታል። ግን አርባ አራት ዓመት ሞልቶት፣ የሰው አባት ሆኖ፣ አንድ አሮጌ ወታደር እየሳቀበት "ግራኝ ነኝ" ማለት አቃተው። አፈረ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሬሚንግተኑን ገዛ።

ሦስት ቅዳሜ መተኮሻ ሜዳ ሄዱ። ጋሽ ይድነቃቸው እንደ ጦር ሠፈሩ አስጮኹት፤ ሳብ፣ ግፋ፣ ቁልፏን ተጫን፣ ተኩስ። በቀኝ ትከሻ፣ በቀኝ ጣት። በሦስተኛው ቅዳሜ ከስምንት ስምንት መታ። "አሁን ሰው ሆንክ" አሉት፤ ኑሬም እንደ ልጅ ደስ አለው። ያን ቀን ማታ ከአሥር ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይባንን አደረ።

ከዚያ ያ ረቡዕ መጣ። ከተማው በተቃውሞ ሰልፍ ተናውጦ፣ ኢስሊ ከረፋዱ ጀምሮ መዝጊያው ሁሉ ተከርችሟል። ኑሬ ቤቱ ሲደርስ ሳፊያ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ወጥታለች። ደወለላት፤ አይገባም። ደግሞ ደወለ፤ አይገባም። የሠፈሩ የዋትስአፕ ግሩፕ ግን እየጮኸ ነው። "በሞተር ሆነው ቤት የሚዘርፉ ገብተዋል፣ በር ዝጉ" ይላል አንዱ። "ሦስት ናቸው፣ ሄልሜት አድርገዋል" ይላል ሌላው። ማን እንዳያቸው የሚናገር የለም። ሦስት የምትለዋን ቃል ሲያነብ ኑሬ ስልኩን ጣል አድርጎ ተነሳ።

የፊቱን በር በሰንሰለት ቆለፈ። ጠመንጃውን ከብረት ካዝናው አውጥቶ ጥይት አጎረሰና ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ኩሽናው የጓሮ በር አድርጎ። ዝናብ ጀመረ፤ የኩሽናውን ቆርቆሮ ጣሪያ ሲመታ ሌላ ድምፅ እምብዛም አያሰማም። ሳፊያና ሰዲቃ አሁን ቢመጡስ፣ ሰዎቹ በር ላይ ቢያገኟቸውስ እያለ ራሱን በላ።

በዝናቡ መሃል የሞተር ድምፅ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

ኑሬ አቀባበለ። ቁልፏን በቀኝ ጣቱ ተጫናት፤ ተከፈተች። እስከዚህ ድረስ ጋሽ ይድነቃቸው እንዳስተማሩት ነው።

በኩሽናው በር ደብዛዛ መስታወት ላይ ጥቁር ሄልሜት ታየው። የበሩ ቁልፍ ሲዞር አየ። ያን ቁልፍ የያዘ ከቤተሰብ ሌላ እንደሌለ ማሰብ ነበረበት፤ አላሰበም። እሱ ያሰበው ሱፍዋንን ብቻ ነው። በሩ ተከፈተ። የፊት መከለያው ወደ ታች የወረደ ጥቁር ሄልሜትና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የዝናብ ካፖርት ቆመ።

ኑሬ ብድግ አለ። ሰደፉ ግራ ትከሻው ላይ ነበር። መቼ እንዳዞረው አያውቅም። የግራ ጣቱ እንደ ትምህርቱ ቁልፏን ተጫነች፣ ከዚያ ቃታውን ሳበ። ቃታው አልንቀሳቀስ አለ። ሳበ። አሁንም እምቢ አለ። ጥርሱን ነክሶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሳበ።

ሄልሜቱ አልሸሸም። ሁለት ትንንሽ እጆች ከካፖርቱ እጅጌ ውስጥ ወጥተው ወደ ላይ ተነሱ። የግራው እጅ ላይ እናቷ ለኢድ የገዛችላት የዶቃ አምባር አለ።

"አባዬ" የሚል ድምፅ ከሄልሜቱ ውስጥ መጣ።

ሳፊያ ከኋላዋ ደረሰች። መንገዱ ስለተዘጋ ያገኙት አንድ ቦዳ ብቻ ነበር፤ ባለሞተሩም ደግ ሰው ሆኖ ያለችውን አንዲት ሄልሜትና የገዛ ካፖርቱን ለልጅቷ ሰጣት። በስልክ የሚከፈልበት ኤምፔሳ አልሠራ ብሎ ሳፊያ ከባለሞተሩ ጋር በር ላይ ስትነጋገር፣ ዝናብ እንዳይመታት ብላ ነው ቁልፉን ሰጥታ በጓሮ የላከቻት። አሁን ያየችውን አየች። መጥታ አፈሙዙን በእጇ ይዛ ወደ ወለሉ አዞረችው፣ ከዚያ የልጇን ሄልሜት ፈታች።

የሰዲቃ ፊት አመድ መስሏል። ወደ እናቷ ዞራ፣ ቀስ ብላ፣ "ሦስት ጊዜ ሳበ" አለች።

ኑሬ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ቁልፏን አያት፤ ተቆልፋለች። ቀኝ እጁ የከፈተውን ግራ እጁ ከማዶ መጥቶ ዘግቶታል። እናቱ በሻርፕ ያሰረችው እጅ፣ እሱ ራሱ በማንኪያ ሲያባርረው የከረመው እጅ። ቀኙ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ሞታ ነበር። አሥር ወር ሙሉ እንዳይነኳት ሲል የተሰቃየላትን ልጅ፣ እሱ ራሱ፣ በኩሽናዋ በር ላይ። እንባው መጣ። ማንም አጠገቡ አልመጣም።

በማግስቱ ጠመንጃውን ለፖሊስ አስረከበ። ጋሽ ይድነቃቸው ሲደውሉ አላነሳም። ሳፊያ ለሦስት ቀን ከልጇ ጋር ተኛች፤ ሰዲቃ ትምህርት ቤት ሄደች፣ ተመለሰች፣ የቤት ሥራዋን ሠራች። ሲጠሯት ቶሎ ትመጣለች። አለወትሮዋ ጨዋ ሆነች፤ ኑሬን ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበው ይህ ጨዋነቷ ነው።

በአራተኛው ቀን ሦስቱም አንድ ትሪ ከበቡ። ሰዲቃ በቀኝ እጇ ቆርሳ፣ በቀኝ እጇ ጠቅልላ፣ በቀኝ እጇ ጎረሰች። ወጥ አላንጠባጠበችም። ግራ እጇን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀምጣበታለች።

ኑሬ የተቀመጠችበትን እጇን አየ። "ሰዲቃ" አላት። "በግራሽ ብዪ። እኔ ነኝ የምልሽ። ደስ እንዳለሽ ብዪ።"

ልጅቷ ቀና ብላ መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ እጆቹን አየች። ሁለቱን እጆቹን።

"አልረሳም አባዬ" አለችው። "በቀኝ ነው። ሁለተኛ አልረሳም።"

ሳፊያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰዲቃ ትሪው እስኪነሳ ድረስ ግራ እጇን ከሥሯ አላወጣችም።