ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠፋው ኮምፒውተር

ጋሽ መሳፍንት ኮምፒውተሩን እንደ ታመመ ልጅ በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈውት ገቡ። የባልትና ሱቁ ባለቤት ባየሽ ከሽሮ ከረጢቶቿ መሀል ቀና ብላ፣ «ምነው፣ ክርስትና አለ እንዴ?» አለቻቸው።

እኔ የምሠራው እሷ ሱቅ ጥግ ላይ ነው። እዚህ ሲያትል፣ ራይነር ቫሊ ውስጥ በርበሬ እየሸተተ ኮምፒውተር የሚጠገንበት ቦታ የኔ ጠረጴዛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሙያውን ያስተማረኝ የለም። ሰው የጣለውን ኮምፒውተር ከቆሻሻ ገንዳ ጎን እያነሳሁ፣ እየፈታሁ፣ እያቃጠልኩ፣ ደግሞ እየፈታሁ ነው የለመድኩት። «ሰርተፊኬትሽ የታለ?» ለሚለኝ ሰው መልስ አላጣም፤ «ሰርተፊኬት የሚጠግን ከሆነ እሱ ጋ ውሰደው» ነው የምለው። ወረቀት ባይኖረኝ ጆሮ አለኝ። ድምፁን ሰምቼ የቱ የማቀዝቀዣ ፋን ሊሞት እንደተቃረበ እናገራለሁ።

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ጌም ሲከብድበት ድርግም ይላል። ኢሜይል ሳይ ደህና ነው፣ ዜና ሳይ ደህና ነው። ውጊያው ሲጋጋል ግን ጥፍት!»

ሳቄ መጣ። ስልሳ ሊሞላቸው ምንም ያልቀራቸው፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭኑ ሰው ናቸው። «የሚዋጉት እርስዎ ነዎት?»

«ከልጄ ጋር ነው» አሉ። አብረውኝ አልሳቁም።

ልጃቸው እሴይ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ከተፋቱ ወዲህ ከእናቱ ጋር ዴንቨር ይኖራል። ስልክ ቢደውሉለት አያነሳም። ቴክስት ቢያደርጉለት በአንዲት ፊደል ይመልሳል። ለልደትህ ምን ላድርግልህ ቢሉት፣ «ጌም ግባ» አላቸው። ገቡ።

«ቅዳሜ ከሰዓት ሄድፎናችንን እናደርጋለን። እየተኮሰ ያወራኛል» አሉኝ። «ትምህርቱን በለው፣ ጓደኞቹን በለው፣ ሁሉንም። ስልክ ላይ የማያወራኝን እዚያ ያወራኛል። ታዲያ መሀል ላይ ሲጠፋብኝ ጥዬው የሄድኩ ይመስለዋል።» ጋቢውን አጣጠፉት፤ ፈቱት፤ እንደገና አጣጠፉት። «አንዴ ደግሞ ጥዬው ሄጃለሁ እኮ፣ ሰኪና።»

ከዚያ ወዲያ አልሳቅኩም።

ከፈትኩት። የነበረው አቧራ አንድ ሙሉ ድመት ይወጣዋል። ጠረግኩት፣ የማቀዝቀዣ ቅባቱን ቀየርኩ፣ እሳቸው የሚጫወቱትን ያንኑ ጌም ከፍቼ የምስል ካርዱ እስኪያጓራ ድረስ አሠራሁት። ንቅንቅ አላለም። «ሙቀት ነበር። አለቀ!» አልኳቸው። «አለቀ» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ፤ አፌ ላይ ስትወጣ ደስ ትለኛለች።

ቅዳሜ ጠፋ።

ይዘውት ተመለሱ። አሁን የኮምፒውተሩን የራሱን መዝገብ አየሁ። «ኃይል በድንገት ተቋረጠብኝ» ከማለት ሌላ የሚለው የለውም። እንግዲያው ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነው፤ መብራቱን ተቀብሎ ለሌላው የሚያከፋፍለው ሣጥን ማለት ነው። ነቅዬ ጣልኩና በአዲስ፣ በትልቅ ቀየርኩት። ጠረጴዛዬ ላይ ጌም ሲያጫውት ዋለ። ባየሽ ራሷ ሽሮ መመዘኑን ትታ አንድ ሁለት ሰው ገደለችበት። አለቀ!

ቅዳሜ ጠፋ።

ጋሽ መሳፍንት ደወሉልኝ። ድምፃቸው ደክሟል። «እሴይ ምን አለኝ መሰለሽ? መጫወት ካልፈለግህ በቃ ንገረኝ አለኝ። የሚመጣው ቅዳሜም ከጠፋ በኔ ቦታ ጓደኛውን ሊያስገባ ነው።»

ይቅርታ የጠየቅኩ እንዳይመስላችሁ። «እኔ ጋ ሲሆን ፀጥ ብሎ ይሠራል ጋሼ! እርስዎ ቤት ምን እያደረጉት ነው? ኤክስቴንሽን ላይ ነው የሰኩት?»

«ኧረ ግድግዳው ላይ ነው።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ራሴ እመጣለሁ።»

ስልኩን ስዘጋ ባየሽ፣ «አባትሽን የሚያህሉ ሰውዬ ናቸው እኮ፤ ያንቺ ምላስ!» አለችኝ።

«የተበላሸው ምላሴ አይደለም» አልኳት።

ቅዳሜ ጋሽ መሳፍንት ሰፈር፣ ቢከን ሂል ስደርስ ሊፍቱ ከባቡሩ ዋሻ ወደ ዝናቡ አወጣኝ። ቦርሳዬ ውስጥ መፍቻዎቼና አንዳንድ ትርፍ ዕቃዎች አሉ። ጭንቅላቴ ውስጥ ደግሞ ስለ አሮጌ ቤት የመብራት መስመርና ስለ ግድየለሽ አከራዮች ያዘጋጀሁት ንግግር አለ። ባጭሩ፣ እኔ ንጹሕ ነኝ የሚል ንግግር ነው።

በሩን የከፈቱልኝ የጋሽ መሳፍንት እናት እማማ የውብዳር ናቸው። አምና ነው ከአዲስ አበባ የመጡት።

«የኮምፒውተሩ ሐኪም አንቺ ነሽ? ግቢ፣ ግቢ፣ ዝናቡ ጨረሰሽ። ምስር ሠርቻለሁ። የኛን ሥጋ እንደማትበዪ አውቃለሁ። ድስቱም አዲስ ነው፤ ሥጋ ነክቶት አያውቅም።»

ቆምኩ። «ለኔ ብለው አዲስ ድስት ገዙ? እማማ፣ እኔ እኮ እስካሁን አልጠገንኩላችሁም።»

«ትጠግኚዋለሽ። ያ የዘመዳችን ልጅ መልከጸዴቅ አለ አይደለም? ኢንጂነሩ። በነጻ ልየው ብሎ ቢለምነው መሳፍንት እንቢ አለ። ሰኪና ይዛዋለች፣ በሰው እጅ ያለ ሥራ አይነጠቅም አለው።»

ያዘጋጀሁት ንግግር ከነመግቢያው ጠፋብኝ።

ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ ላይ ነው። እሴይ እስኪገባ ትንሽ ጊዜ ነበረን። ጌሙን ከፈትኩ፣ ውጊያ ውስጥ ገባሁ፣ ካርዱ ማጓራት ጀመረ። ወዲያው ቀጭ አለና ስክሪኑ ጠቆረ።

መልሼ አስነሳሁት። አጓራ። ቀጭ። ጠቆረ።

«አየሽው?» አሉ ጋሽ መሳፍንት፤ ሰዓታቸውን እያዩ።

«ዝም በሉኝ እስቲ!» አልኩ። ለታላቅ ሰው እንዲህ አይባልም፤ አምልጦኝ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ አስነሳሁትና ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀጭ።

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ጎጃም በረንዳ ስናድግ፣ መብራት በወረደና በወጣ ቁጥር ከቴሌቪዥናችን ጎን ቀጭ ይል ነበር። የቤት ልጅ የማይሰማው ድምፅ ነው፤ እንደ ገዛ ትንፋሽ። ስለዚህ ነው አሁንም ሁለት ጊዜ በጆሮዬ ገብቶ የወጣው። ግን እዚህ ምን ይሠራል? ሲያትል ሳሎን ውስጥ ምን ቀጭ ይላል?

«ጋሼ፣ ግድግዳ ላይ ነው የተሰካው አላሉኝም?»

«ግድግዳ ላይ ነው እኮ!»

ተንበርክኬ ገመዱን ተከተልኩት። ከምንጣፉ ሥር ገባ፤ በእማማ የውብዳር ሶፋ ጀርባ ዞረ፤ ዳንቴል የለበሰች፣ የአበባ ማስቀመጫ የተሸከመች ትንሽ ጠረጴዛ የምትመስል ነገር ጋ ደረሰ። አበባውን አነሳሁ። ዳንቴሉን ገለጥኩ። ግራጫ ቆርቆሮ፣ ፊቱ ላይ የምትንቀጠቀጥ ቀይ መርፌ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ስታብላይዘር ነዋ!» አሉኝ እናትና ልጅ እኩል፤ እንደ ሞኝ እያዩኝ።

ጋሽ መሳፍንት አልዋሹኝም። መብራት እየወረደ እየወጣ ፍሪጅ ሲያቃጥል ያየ ሰው፣ ስታብላይዘር ላይ ሰካሁ ማለት ግድግዳ ላይ ሰካሁ ማለት ነው። ሌላ ግድግዳ የለውም።

«በሻንጣዬ ይዤለት የመጣሁት ነው» አሉ እማማ በኩራት። «በርበሬውን ቀንሼ! ባለሱቁ የአሜሪካንንም መብራት ይችላል ብሎኛል። ከልጁ ጋር የሚገናኝበትን ዕቃ እንዲያው በባዶው ይሰካዋል?»

ከጀርባው የተጻፈውን አቅሙን አየሁ። የቴሌቪዥን ስታብላይዘር ነው። ኢሜይል ሲያዩበት ኮምፒውተሩ የሚጠጣው ትንሽ ነው፤ ያን ይችልለታል። ውጊያው ሲጋጋል ግን በስኒ ቀድተህ በሬ እንደ ማጠጣት ነው። አቅሙ ሲያልቅ ራሱን ለማዳን ቀጭ ብሎ ይዘጋል። እኔ ጠረጴዛ ላይ ስታብላይዘር የለም፤ ስለዚህ እኔ ጋ አይጠፋም።

ይህንኑ አስረዳኋቸው። አስረድቼ ስጨርስ የእማማ የውብዳር ፊት ጠወለገ።

«እኔ ነኛ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ነኝ ከልጁ ጋር ያቆራረጥኩት።»

ምላሴ ስለታም ናት፤ ማባበል ግን አልለመደችም። ቢሆንም ሞከርኩ። «እማማ፣ ይሄ ዕቃ ሥራውን ነው የሠራው። ቤታችሁን ሳላይ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ሁለት ጊዜ አለቀ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እዚህ አገር መብራት አይጠፋም ልትዪኝ ነው? ባለፈው ነፋስ ሲነፍስ ጨለማ ውስጥ አላደርንም?»

«አድረናል። እኔም በሻማ ነው ያደርኩት።» ከቦርሳዬ ከኃይለኛ መብራት የሚከላከል መሰኪያ አወጣሁ። «ይሄ የኮምፒውተሩ ዘበኛ ይሁን፤ ጉልበቱን አይቀንስበትም። የእርስዎ ስታብላይዘር ደግሞ የእርስዎን ቴሌቪዥን ይጠብቅ። ልኩ እሱ ነው።»

መሰኪያውን አገላብጠው አዩት። «በጣም ቀለለ» አሉ። ግን ፈቀዱ። ዳንቴሉንም ስታብላይዘሩንም ራሳቸው ተሸክመው ወደ ቴሌቪዥናቸው ወሰዱ።

ሶኬቱን ግድግዳው ላይ እንደሰካሁ እሴይ ገባ። ጋሽ መሳፍንት እናታቸውም እንዲሰሙ ብለው ሄድፎኑን ትተው ድምፁን በስፒከር ለቀቁት። ካርዱ አጓራ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ያቺን ቀጭ እጠብቃለሁ። እማማ የውብዳር ሶኬቱን በዓይናቸው ይዘውታል፤ ሰው እንዳይነቅለው ነው መሰለኝ።

ጥይት፣ ጩኸት፣ ፍንዳታ። ከዚያ ፀጥታ። ሁልጊዜ የሚጠፋው እዚህ ላይ እንደሆነ ልጁም ሳያውቅ አይቀርም።

«ዳድ? አር ዩ ስቲል ዜር?»

«አለሁ» አሉ ጋሽ መሳፍንት። «አለሁ እሴይ።»

«ኦኬ…» ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ «ሶ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወደቅኩ። ለማሚ አትነግራትም፣ ኦኬ?» አለ።

እማማ የውብዳር በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። እኔም በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ስለ ኮምፒውተሩ ብቻ አልነበረም።

ጨዋታው እረፍት ሲያገኝ ጋሽ መሳፍንት ማይኩን ዘግተው ዞሩ። ጥያቄው ሆዴ ውስጥ እንዳይቀር ጠየቅኳቸው፤ «ጋሼ፣ ለምን ለመልከጸዴቅ አልሰጡትም? እኔ ሁለት ጊዜ አቅቶኝ።»

«እኔስ?» አሉ። «ሁለቴ ያቃተው ሰው ሦስተኛ ዕድል ካልተሰጠው፣ እኔ በምን አፌ ልጄን ሌላ ቅዳሜ እጠይቀዋለሁ?»

ማይኩን ከፍተው ወደ ውጊያቸው ተመለሱ።

እማማ የውብዳር ሳህን አቀበሉኝ። ተቀብዬ፣ ከአዲሱ ድስት የወጣውን ምስር በላሁ።