ወገቤን አይደለም

እኔ ወገቤን አሞኝ አያውቅም። አሁን ስናገረው ቀላል ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን አፌ ተለጉሞ ሰባት ወር በውሸት ወረቀት ተንከራተትኩ።

አራተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሽንቴን መቆጣጠር አቃተኝ። ሳስነጥስ ያመልጠኛል፣ ስስቅ ያመልጠኛል። ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ቦንዳ ልብስ ነው የምሸጠው፤ የልብሱን እስር ብድግ ሳደርግማ አለቀልኝ። ጥቁር ቀሚስ ብቻ መልበስ ጀመርኩ። ደንበኞቼ "ኛኩዋኒ፣ ማን ሞተብሽ?" ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ባሌ ጋትኬክ ለንግድ ማታር ከተማ ሄዶ ስለነበር ጤና ጣቢያ የወሰዱኝ አጎቱ ቱት ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ አይካድም። ደግነታቸው ነው ጉድ የሠራኝ! ካርዴን ይዘው አብረውኝ ገቡና ሐኪሙ አጠገብ ቁጭ አሉ። ሐኪሙ የደጋ ልጅ ነው፣ ወጋችንን ከየት ያውቃል? "ምንሽን ነው የሚያምሽ?" አለኝ። እኛ ኑዌሮች ዘንድ ምራት በባሏ አባትና አጎቶች ፊት ስለ ገላዋ አትናገርም። "ወገቤን" አልኩ። እሱም ጻፈ።

በዚያ ወረቀት ሆስፒታል ተላክሁ፤ በጤና መድን፣ በነጻ። አንድ ወጣት የማያመኝን ወገብ ሲያሽ ከረመ። ሽንቱ እንደ ልማዱ።

በመጨረሻ አንዲት ጎረቤቴ፣ አጁሉ ወደምትባል ፊዚዮቴራፒስት መራችኝ፤ በግል ክሊኒክ የምትሠራ የአኙዋ ልጅ ናት። በሩን ዘግታ ብቻዬን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። "ከዳሌሽ ሥር ያለው ጡንቻ ነው የላላው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አሥር ጊዜ ብትመጪ ይጠነክራል" አለችኝ። ከአራተኛው ሕክምና በኋላ ገበያ መሃል አስነጠስኩ፤ ጠብታ እንኳ አላመለጠኝም! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ገንዘቤ ግን አለቀ። አንዱ ቀን ስድስት መቶ ብር ነው፤ አሁን ካቆምኩ ደግሞ የተሻለኝ ሁሉ ይመለሳል።

ጤና መድን ቢሮ ሮጥኩ። ማይ የሚባለው ሠራተኛ "ከዚያ ክሊኒክ ጋር ውል የለንም" አለኝ። "መንግሥት ሆስፒታል የማይገኝ ሕክምና ከሆነ ግን ኮሚቴው ሊፈቅድልሽ ይችላል።" ወረቀቴን አየ። "ያንቺ እኮ ወገብ ነው። ወገብ ሆስፒታል ይታከማል።"

"ወገቤን አይደለም!"

"እንግዲያው ኮሚቴው ፊት ቀርበሽ አስተካክይ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ብሎ ተረተብኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢስ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ቱት!

ሦስት ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም። ሐሙስ ጠዋት ቀረብኩ። ማይን ጨምሮ አምስት ወንዶች፤ ሴት የሚባል የለም። ጌታ ሆይ አልኩና ጀመርኩ። "ሽንቴን መያዝ አልችልም። ስወልድ ነው የተጎዳሁት።" ቱት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ማን ያቆመኛል? ስለምታጠቀው ጨርቅ፣ ስለ ሽታው፣ ከባሌ ስለ መሸሼ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ማይ ጻፈ። ከዚያ መድኑ የሚከፍልባቸውን ሕክምናዎች ዝርዝር ገለጠና በጣቱ እየተከተለ ወረደ፣ ወረደ።

"እህቴ፣ ይሄ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።"

"ምን?"

"ወገብ አለ። ይሄ የለም።"

ደሜ ፈላ። "ታዲያ ለምን አስለፈለፍከኝ? መጀመሪያ ዝርዝሩን ብታይ ጣትህ ይቆረጥ ነበር? ይሄን የጻፈውን ሰው ማን ወለደው፣ ድንጋይ ነው የወለደው?" አልኩት። አንዳቸውም ቀና ብሎ አላየኝም። ካርዴን ከማይ ፊት ላፍ አድርጌ ወጣሁ።

ቱት በሩ ላይ ደረሱብኝ። አሁንም ዓይኔን አያዩም። "ኛማልም" አሉ ቀስ ብለው። ኛማል ሚስታቸው ናት። "የመጨረሻ ልጃችንን ከወለደች ጀምሮ ለብቻዋ መሬት ላይ ነው የምትተኛው። ሃያ ሁለት ዓመት። የጠላችኝ መስሎኝ ነበር።"

"አልጠየቋትም?"

"ማክበሬ ነው ብዬ።"

"ማክበር!" ጮህኩባቸው። የባሌን አጎት፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየ! "ሃያ ሁለት ዓመት መሬት ላይ ማስተኛት ነው ማክበር? እኔስ በማያመኝ ወገብ ሰባት ወር የተንከራተትኩት በዚሁ ማክበር አይደለም?"

"አንድ በሬ አለኝ፣ እሸጠዋለሁ። የቀረሽን እኔ እከፍላለሁ" አሉ።

ማመስገን ነበረብኝ። አላመሰገንኩም። "የኔን ስድስቱን፣ የኛማልን ደግሞ አሥሩን ይከፍላሉ። ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን። ዛሬ ቤት ሲገቡ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት።"

"እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?" አሉኝ፣ ያን የሚያህሉ ሽማግሌ።

"እኔ በአምስት ወንድ ፊት እንደተናገርኩት" አልኳቸው።