የመባ ድርሻ

ውኃው ከፎገራ ሜዳ ሲሸሽ ሁሉን ይዞ አይሄድም። በየጎድጓዳው ኩሬ ጥሎ ያልፋል፤ በኩሬው ውስጥ ደግሞ ዓሣ። ይርዳው ሩዙን አጭዶ ካስገባ በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ ቤቱን የሚያኖረው ይኸው ኩሬ ነበር። አባቱም ከዚሁ መረብ እየጣለ ነው ያሳደገው።

ዘንድሮ የኩሬው ነጭ ዓሣ ሆዱ ተነፍቶ ይወጣ ጀመር። ይርዳው እንቁላል የያዘ መስሎት ደስ አለው። የወረታ ገበያተኛም እንዲሁ፤ ሴቱ ሁሉ ሆዱ የተነፋውን እየመረጠ ይወስድ ነበር። እሱም እንቁላሉን የወደደ ከነእንቁላሉ ይውሰድ ብሎ ሆዱን ሳይቀድ ይሸጠዋል። አንዳንዱ ዓሣ ራሱን መሸከም አቅቶት ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ እንኳ ጥጋብ ነው አለ እንጅ በሽታ ነው አላለም።

አንድ የገበያ ቀን፣ ወረታ ላይ ምግብ ቤት ያላት ደንበኛው ንግሥቲ የገዛችውን ዓሣ በትሪ ይዛ ተመለሰች። ሆዱን ቀድዳዋለች። ትሪውን ከፊቱ አኖረችና በቀስታ፣

“ወንድሜ ይርዳው፣ እስቲ እንቁላሉን እየው” አለችው።

ከዓሣው ሆድ እንደ ሪባን ጠፍጣፋ የሆነ ነጭ ትል ተጠቅልሎ ወጥቷል። ጫፉ ገና ይንቀሳቀስ ነበር። እንቁላል የሚባል ነገር አልነበረም። አጠገቡ ሽንኩርት የሚሸጠው ቻላቸው አንገቱን አስግጎ አየና፣

“ዓሣ ፆም ነው፣ አይዶለም ስትሉ ከረማችሁ። ይኸው ክርክሩ አለቀ፤ እንዲህ ያለውስ በፍስኩም አይበላ” አለ።

ሰው ሳቀ። ይርዳውም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ። ያን ቀን አንድም ዓሣ ሳይሸጥ ተመለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ይፋግ ገበያ ቢወርድ ወሬው ቀድሞት ደርሷል።

ከወረዳው የመጣችው የዓሣ ባለሙያ ፀደይ ትባላለች፤ ወጣት ናት። ቦት ጫማዋን አጥልቃ ኩሬው ውስጥ ገባች፤ ከመረቡ ያወጣችውን ሁሉ እየቀደደች አየች። ከዚያ ዳር ላይ ተቀምጣ አስረዳችው። ትሉ ሰው አይጎዳም፤ በዓሣው ሆድ ያድጋል እንጅ አይራባም። የሚራባው ዓሣውን የበላ ወፍ ሆድ ሲገባ ነው። ወፉ ውኃው ላይ ኩሱን ሲጥል የትሉ እንቁላል ይወርዳል፤ ደቃቅ የውኃ ነፍሳት ይበሉታል፤ ነፍሳቱን መልሶ ዓሣ ይበላል።

“ትሉ የያዘው ዓሣ ደግሞ ይመክናል” አለች። “ኩሬዎ ያልቃል፣ ጋሼ። ሆድቃውንና የሞተውን ዓሣ ለወፍ አይጣሉ፤ ይቅበሩት። ወፉም ልማዱን ሲያጣ ይሳሳል።” ቀና ብላ ዳሩን ሞልተው የቆሙትን ወፎች አየች። “ለመሆኑ ይህን ሁሉ ወፍ ምን ሰበሰበው?”

“ውኃው ነዋ” አለ ይርዳው።

ውኃው አልነበረም። ከሁለት ክረምት በፊት ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ የይርዳውን ልጅ መባን ወስዷታል። ፍትሐቱ ተፈታ፤ ተዝካሩም ወጣ፤ ሬሳዋ ግን አልተገኘም። መባ በሕይወቷ ጊዜ አባቷ ዓሣ ሲያወጣ እየጠበቀች ሆድቃውን ለወፎች ትወረውር ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቷ አገኘሁሽ ማልዳ ኩሬው ዳር ትወርዳለች። ለቤት የሚቀደደውን እየቀደደች፣ የተንሳፈፈውንም እየለቀመች “የመባ ድርሻ” ብላ ትሰጣቸዋለች። በዓሣው ሆድ ያየችውን ነጭ ነገር ሞራ ነው ብላ ነበር፤ ወፎቹም እሱን ነበር የሚሻሙት። አገኘሁሽ ሌላ ቦታ አታለቅስም። ሌላ ቦታ አትስቅምም።

ይርዳው ይህን እንዴት ብሎ ይንገራት? ሲመሽ አፉን ይከፍትና ስለ ጥጃው ያወራል። ኋላ ላይ አንድ ዘዴ አመጣ። ገበያው ቀዝቅዟልና አንች ቤት ዋዪ፣ የቀረውን እኔው እቀደዋለሁ አላት። ቀድሟት እየወረደ ሆድቃውን ከሸንበቆው ሥር መቅበር ያዘ። ወፎቹ ግን አልሄዱም። ዳሩ ላይ ተሰልፈው ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ያያሉ።

አገኘሁሽ አንድ ጧት ከኋላው መጣች። ወፎቹ ከበቧት። ባዶ እጇን አየች፤ ከዚያ አዲሱን አፈር አየች።

“የሷን ድርሻ ለምን ቀበርኸው?”

ይርዳው ተንበርክኮ እንዳለ ነገራት። ስለ ትሉ፣ ስለ ወፎቹ ኩስ፣ ፀደይ ያለችውን ሁሉ። መምከኑን ሊዘለው አስቦ ነበር፤ ግን ከአፉ አመለጠው። አገኘሁሽ ከመባ በኋላ አልጸነሰችም።

እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ፣

“ኩሬህን ያመከንሁት እኔ ነኝ በለኛ” አለችው።

“አንች አይዶለሽም። ውኃው ነው።”

“ሁልጊዜ ውኃው ነው” አለችና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ይርዳው ኩሬው ዳር ሲደርስ ቀድማው ወርዳ ትቆፍራለች፤ ዶማው ከአፈሩ ሲጋጭ ነበር ከሩቅ የሰማት። ልቀበልሽ ቢላት እምቢ አለች። ከሸንበቆው ሥር ሳይሆን ከፍ ካለው፣ የክረምቱ ውኃ ከማይደርስበት ቦታ ነበር የምትቆፍረው። ለአንድ ዘንቢል የዓሣ ሆድቃ ጉድጓዱ ጠልቋል፤ ርዝመቱም በዝቷል። ይርዳው ርዝመቱን አየና የማን ልክ እንደሆነ አወቀ።

ሆድቃውን ከታች አኖረችው። ወፎቹ ተጠግተው አንገታቸውን አሰገጉ። አላባረረቻቸውም፤ አንድም ነገር ግን አልጣለችላቸውም። አፈሩን በእጇ መለሰችበት፤ ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫነችበት። ከዚያ ከጉድጓዱ ራስጌ ተቀመጠችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ሬሳ ስለጠፋ መቃብር ላይ ያላለቀሰችውን ልቅሶ ያን ጧት አለቀሰችው።

ይርዳው አጠገቧ ተቀመጠ። ኩሬው ላይ ሆዱ የተነፋ አንድ ዓሣ ተንሳፈፈ። ወፎቹ አዩትና ተራ በተራ ወደ ውኃው ተመለሱ።